የጾመው ጉድጓድ

ነገሩ የጀመረው ጋዝ ከድንጋይ እንደሚወጣ ያስተማርኩ ዕለት ነው። ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ስለ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል የተፈጥሮ ጋዝ ያወራ ስለነበር የማታ ተማሪዎቼ ጥያቄ አብዝተው ነበር። እኔም ጠመኔዬን ይዤ አብራራሁ። አንዳንዱ ጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈርለት በራሱ ይወጣል። አንዳንዱ ግን ጠጣር ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ስለሚኖር ድንጋዩን በውኃ ግፊት ሰንጥቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ከረግረግ፣ ከቆሻሻ ክምርና ከከብት እበት የሚገኝ አለ አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰውዬ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ እበቱስ እኛም ቤት አለ፤ ጋዙ የት ሄዶ ነው?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

የተከተለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ቀናት በፊት እናቴን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ዓይኗ ቀን ከሌት ያነባ ነበር፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች ቆይታለች። ባለሙያው ዓይኗን ገልጦ ካየ በኋላ፣ "እማማ፣ ጠብታውን እሰጥዎታለሁ፤ ጭሱን ካልተዉ ግን ጠብታው ብቻውን ዓይንዎን አያተርፍም" አላት። እናቴ ሳቀችበት። "ጭሱን ልተወውና በምን ላብስል? በጸሎት?" አለችው። የቄስ ሚስት ስለሆነች እንዲህ ያለው ቀልድ የሚፈቀድላት ይመስላታል።

የወላጆቼ መንደር ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ያለው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ለአጣና ይሸጣል እንጂ አይነድም። የሚነደው ኩበት ነው። በእኛ አገር የሴት ሙያ በኩበት ክምሯ ይታወቃል። በጋውን ሙሉ እበቱን በእጇ ጠፍጥፋ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ እንደ ትንሽ ጎጆ ትከምረውና ዝናብ እንዳይገባው ዙሪያውን በእርጥብ እበት ትለስነዋለች። የእናቴ ክምር አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከመንገድ የሚታይ ነበር። አላፊ አግዳሚው "የቄሱ ቤት ክምር" እያለ ያደንቀዋል። ዓይኗን የበላትም ያው ክምር ነው።

ቅዳሜ አገር ቤት ወረድኩና ነገሩን ለአባቴ አነሳሁ። አባቴ ቄስ ነው፤ ከጸሎት ቀጥሎ የሚወደው ሬዲዮና ክርክር ነው። ስለ ጋዙ ከእኔ በፊት ሰምቷል።

"ተይኝ ልጄ" አለ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"

"አባባ፣ የእርስዎ ላም በሰማይ አይደለችም፤ እዚህ በረት ውስጥ ናት" አልኩት።

ጆሮውን ሲያቆም አየሁ። ከዚያ በኋላ የፈለግኩትን ያህል አወራሁ። እበትና ውኃ እኩል ተደባልቀው አየር የማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ጋዝ እንደሚሰጡ፣ ጋዙ በቧንቧ ማድቤት ድረስ እንደሚመጣ፣ ሲነድ ጭስ እንደሌለው ነገርኩት። ስለ ጥቃቅን ነፍሳት ላስረዳው ብሞክር እንደሚሰለቸው ስለማውቅ በአጭሩ፣ "ጉድጓዱ ሆድ ነው በሉት፤ ትመግቡታላችሁ፣ ይፈጫል፣ ጋዝ ይሰጣችኋል" አልኩት። በዚህች ምሳሌ በጣም ኮርቼ ነበር። ኋላ ዋጋዬን አገኘሁ።

ከወረዳ የመጣው የባዮጋዝ ባለሙያ በረታችንን ቆጠረ። ሁለት በሬ፣ ሁለት ላም፣ አንዲት ጊደርና አንድ ፈረስ አሉን። "እበቱ ይበቃል" አለ። "የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። አሊዩ አምባ ወይም አረርቲ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እሠራላችሁ ነበር። ጋዝ ሙቀት ይወዳል።"

"እኛ እንግዲህ አሊዩ አምባ አንወርድ" አለ አባቴ። "ሙቀቱ ወደ እኛ ይውጣ እንጂ!"

ባለሙያው ሳቀና አንድ ከባድ ነገር ጨመረ። ጉድጓዱ በየቀኑ እበት ስለሚፈልግ ለኩበት የሚተርፍ አይኖርም። አባቴም ወዲያው፣ "ልክ ነው፤ እበትም ለሁለት ጌቶች መገዛት አይችልም" ብሎ ፈረደ። ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። ውሳኔው የእሷ ነበር። በዚያ በጋ ኩበት አልጠፈጥፍም ማለት ክረምቱን ያለ ክምር መቀበል ማለት ነው። ጋዙ ከመጣ ዓይኗን ታተርፋለች። ካልመጣ ደግሞ በዝናብ ከጎረቤት ኩበት ለምና ወደ ጭሱ ትመለሳለች፤ ያኔ የዓይኗ ነገር ያበቃል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ቆፍሩት" አለች በመጨረሻ።

ጥር ላይ ተቆፈረ። ግንበኛው ጉድጓዱን የሚከድነውን ጉልላት ከመሬት በታች ደፋው። አባቴ በየማለዳው ኪዳን አድርሶ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ እበት ውስጥ ይገባል፤ እያቦካ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል። መንደሩ መቀለጃ አገኘ። መስቀል ተሳልመው ሲያበቁ፣ "አባ፣ ዛሬ ምን ምን ይሸትዎታል?" ይሉታል። እናቴንም አልማሯትም፤ የክምሩን ባዶ ቦታ እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል። እስከዚያው ምግቡ አጥር ለአጥር ከምንገናኘው ከወንድሜ ሚስት ቤት በስሎ ይመጣ ነበር፤ እናቴ ጭስ አጠገብ እንዳትደርስ እኔ በስልክ፣ የወንድሜ ሚስት በአካል እንቆጣጠራታለን።

አባቴ ግን ነገርን በልኩ መተው አያውቅም። እኛ ጋ አሥራ ሁለት ቤት ሆነን በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚካኤልን በየተራ የምንዘክርበት ማኅበር አለ። የሰኔው ተራ የእኛ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በምእመን ሁሉ ፊት፣ "ሰኔ ሚካኤልን የምዘክረው በዚህ ጋዝ በበሰለ ወጥ ነው" ብሎ አወጀ። ስሰማ ራሴን ያዝኩ።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። አባቴ በስልክ ሲያወራ እስከ ወዲያኛው ሸለቆ እንዲሰማ አድርጎ ነው። "ነደደ! ነደደ!" ሲል ባልደረቦቼ ቤታችን የተቃጠለ መስሏቸው ተነሡ። "ምኑ?" አልኩ እኔም ደንግጬ። "ጋዙ ነዋ! ሰማያዊ ነው! እናትሽ አጠገቤ ቆማ እያየችው ነው!" እዚያው ወንበሬ ላይ እልል አልኩ።

ነበልባሉ ግን ደካማ ነበር። አንዲት ትንሽ ድስት አፍልቶ ይጠፋል፤ በውርጭ ማግሥትማ ጭራሽ አይነሣም። በዚህ ጉልበቱ አሥራ ሁለት ቤት ሕዝብ እንደማያበላ ለሁላችንም ገባን። እኔ "ቀስ እያለ ይበረታል" አልኩ። አባቴ ግን ያወጀውን አውጇልና እንቅልፍ አጣ።

ግንቦት የሠርግ ወር ነው። በየቤቱ ጠላ ይጠመቃል፤ ጠላው ሲጠጣ አተላው ይተርፋል። በእኛ አገር የሚደልብ በሬ አተላ ይጠጣል፤ በወሩ ጀርባው ጠረጴዛ ያህላል። አባቴም አሰበ። ልጁ ጉድጓዱን ሆድ ነው ብላዋለች፤ ሆድ ደግሞ በአተላ ነው የሚወፍረው። ለእኔ ሳይነግረኝ ሊያስደንቀኝ ቆርጦ ለንስሐ ልጆቹ ሁሉ መልእክት ላከ። ከየሠርጉ ቤት በጄሪካን አተላ ጎረፈለት። እሱም እንደ ድልብ በሬ ጉድጓዱን ጠዋት ማታ አጠጣው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስገባ የኮመጠጠ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ተቀበለኝ። ምድጃውን ከፍቼ ክብሪት ጫርኩ። ምንም የለም። ሁለተኛ ጫርኩ፤ ሦስተኛ ጫርኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጺሙን ያሻል።

"አባባ፣ ምን አበሉት?"

"ደኅና ምግብ ነው ያበላሁት" አለና ሁሉንም ነገረኝ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ለመጻፍ አፍራለሁ። ዓይነ ጥላዬ ቁጣ ነው። በአባቴ፣ ያውም በካህን ላይ ጮኽኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት፤ ሥራዬን ሁሉ ገደሉት አልኩት፤ የእማዬን ዓይን በአተላ ለወጡት እስከ ማለት ደረስኩ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ጨረስሽ?" አለች እናቴ ከኋላዬ። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ሆድ ነው ያልሽው አንቺው ነሽ፤ እሳቸው የሰሙትን አደረጉ። አሁን ሆድ ከሆነ የሆድ መድኃኒት ፈልጊለት።"

"ምን መድኃኒት አለው?"

"አምና ትልቁ በሬ ገብስ ሰብሮ በልቶ ሆዱ ሲነፋ ምን አደረግን? መኖ ከለከልነው። አመድ በውኃ በጥብጠን ጋትነው። ተነሣ አይደል?"

አሲድና ቤዝ! ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ትምህርት እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ነገረችኝ። አተላው ጉድጓዱን አሲድ አድርጎታል፤ ጋዙን የሚሠሩት ነፍሳት አሲድ ሲበዛባቸው ያልቃሉ፤ የአመድ ውኃ ደግሞ አሲድን ያበርዳል። ቤት ውስጥ ያለችው ኬሚስትሪ አዋቂ እሷ ነበረች።

አባቴ ያን ጊዜ ቀና አለ። "እንግዲያው ይጹም!" አለ። ሲናገር ጾም የሚያውጅ እንጂ እበት የሚከለክል አይመስልም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና በሕዝቡ ፊት ቆመ። ጥፋቱን አልደበቀም። "ጉድጓዱ በእኔ ስስት ታሟል፤ ጾም ላይ ነው" አለ። "አተላ ያመጣችሁልኝ ሁሉ አሁን አመድ አምጡልኝ።" ሰዉ እየሳቀ ሄደ፤ ሆኖም አመጣ። ከየምድጃው የተዛቀ የኩበት አመድ በቅርጫት፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በተሰባበረ ባልዲ ወደ ቤታችን ገባ። "እሳት አመድ ወለደ ይባላል" ይል ነበር አባቴ እየበጠበጠ፣ "እኛ ቤት አመድ እሳት ሊወልድ ነው።" ስሰማው የጮኽኩበት ጩኸት አሳፈረኝ፤ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። "አመዱን እፈሺው፤ ደግሞ ወንፊት አምጪ" አለኝ።

ባለሙያውም በስልክ የራሱን ጨመረ። የፈረስ ፋንድያ ሲከመር ከውስጡ ይግላል፤ ከገለባ ጋር አድርጋችሁ ጉልላቱ ላይ ጫኑበት አለን። ፈረሳችን አንድ ቢሆንም መንደሩ የፈረስ አገር ነውና ፋንድያ አላጣንም። ጠዋት ጠዋት ክምሩ እንፋሎት ሲያወጣ አባቴ መዳፉን ከትቶ፣ "አሊዩ አምባ ወጣልን" ይላል።

ከትምህርት ቤት ሊትመስ ወረቀት አመጣሁለት። ሰማያዊዋ ወረቀት የጉድጓዱ ዝቃጭ ውስጥ ተነክራ ወደ ቀይ ከተለወጠች ጉድጓዱ ገና ታሟል፤ ካልተለወጠች ድኗል ማለት ነው። በየቀኑ ነክሮ በስልክ ይነግረኛል። "ቀይ።" "ቀይ።" "ዛሬም ቀይ፤ ግን እንደ ትናንቱ አይደለም።" የነከራቸውን ወረቀቶች አልጣላቸውም፤ አድርቆ ዳዊቱ ውስጥ ሰካቸው። እናቴ እያየችው፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ትለዋለች። የሐዋርያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለአባቴ ያልተለመደ ነው።

"ሰማያዊ" አለ። "አልተለወጠችም። እኛ ጾም ስንይዝ እሱ ሊፈታ ነው።"

ጉድጓዱን እንደ በሽተኛ ቀጠን ያለ እበት በትንሽ በትንሹ መመገብ ጀመረ። በጋዙ ግፊት መለኪያ ቱቦ ውስጥ ያለው ባለ ቀለም ውኃ በየቀኑ ከፍ አለ። ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው ጋዙ እንዲጠራቀም ብሎ ምድጃውን ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ስለዚህ ዋዜማውን እንጀራ ከከተማ ጭኜ ስደርስ፣ ይንደድ አይንደድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶች ለማንኛውም ብለው ሦስት ጆንያ ኩበት አጥሩ ሥር አስቀምጠውልናል። እናቴ ጆንያዎቹን አየቻቸው። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ጋዙ እምቢ ካለ ነገ ማለዳ ያ ጆንያ ይፈታል።

ሲነጋጋ ከቆላው የተነሣ ጉም ግቢውን ሞልቶታል። አባቴ ለቅዳሴ ሄዷል። እናቴ ትልቁን የማኅበር ድስት ምድጃው ላይ ጣደች፤ ክብሪቱን ልቀበላት ብል አልሰጥ አለችኝ። አማተበች፤ ጫረች። ነበልባሉ ቦግ ብሎ ተነሣ፤ የድስቱን ቂጥ ዳር እስከ ዳር ያዘው። ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ ጭስ የሌለው! እናትና ልጅ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን። ከዚያ የምስር ወጡ ተሠራ፤ ሽሮው ተንተከተከ፤ የባቄላው ንፍሮ ወጣ፤ ነበልባሉ አንዴም አልሰነፈም። ጆንያዎቹ እንደታሠሩ ቀሩ።

ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ ማኅበርተኛው መጣ። መጣና በሩ ላይ ቆመ። አይገቡም። ወጥቼ ሳይ የማኅበሩ ሽማግሌ ወደ ጣሪያችን አንጋጥጠዋል። በእኛ አገር የድግስ ቤት ከሩቅ በጭሱ ነው የሚታወቀው። ከእኛ ጣሪያ ምንም አይወጣም ነበር።

"ምን አግኝቷችሁ ነው ልጄ?" አሉኝ ፈራ ተባ እያሉ። "ሰው ደኅና ነው?" ከኋላቸው አንዷ ለለቅሶ እንደሚደረገው ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር።

"ደኅና ነን፤ ይግቡ! ወጡ እየጠበቃችሁ ነው" አልኩ።

ሽሮው እየፈላ ሲቀርብ የተነሣው ሁካታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግማሹ ለመብላት፣ ግማሹ ለማየት ይጋፋል። እናቴ ማድቤቱ ውስጥ ቆማ ምድጃውን ታጠፋለች፤ ትለኩሳለች፤ አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና ታጠፋለች፤ ትለኩሳለች። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ነበልባሉን ሲያዩ ቆዩና፣ "ይህ ሁሉ ዘመን እሳት ላይ ተኝተን ነው በጭስ ያለቀስነው?" አሉ።

አባቴ የድል ቀኑን በከንቱ አላሳለፈም። ጽዋው ከተነሣ በኋላ ተቀምጦ የመንደሩን በረት በጣቱ ይቆጥር ጀመር። የእገሌ አምስት ላም፣ የእገሊት አራት፣ ከእኛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው ብቻ ይህን ያህል ጉድጓድ ይወጣል፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ይህን ያህል። ሰው ሁሉ የየራሱን ከብት ስም እየጠራ አረመው። በሬዲዮ ስለ ጋዝ ክምችት የሚያወሩት ሰዎች እንዲያ ደስ ብሏቸው ሲቆጥሩ ሰምቼ አላውቅም። ማን ቀድሞ ይቆፍር የሚለው ክርክር ሲከር ዕጣ ተጣለ፤ በመጪው በጋ የሚጀምሩ ሦስት ቤቶች እዚያው ታወቁ። አባቴም ለሦስቱ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጣቸው፤ "አተላ እንዳታስነኩት" አላቸው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ ያን ጊዜ ማድቤቱን ትታ መጣችና ሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ስንት ዓመት በደገሰችው ማኅበር ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣ አታውቅም፤ ከጭሱ ስትወጣ እንባዋ ስለማይቆም አንገቷን ደፍታ ጓዳ ትገባ ነበር። አጠገቧ ያለችው ጎረቤታችን አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። "እስቲ እዩዋት፤ ዛሬ ሳታለቅስ ዘከረች!" አለች።

እኔም አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእናቴ ዓይን ቀይ ነበር፤ እንዲያ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የእናቴ ዓይን ነጭ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?" አለችኝ። "ለእንግዳው ወጥ ጨምሪለት እንጂ።"

ድስቱን አነሣሁ። ጭልፋው የቱ ጋ እንዳለ ለማየት ግን መጀመሪያ የራሴን ዓይን መጥረግ ነበረብኝ።